ይጥፋልኝ

ጎረቤታችን፣ ፖሊስ ጣቢያ የተነሱ የተጠርጣሪዎችን ፎቶ እያፈላለገ ቴሌግራም ላይ የሚለጥፍ፣ «ይጥፋልኝ» ያለውን ደግሞ እያስከፈለ የሚያጠፋለት ብልጥ ነጋዴ ነበር። ይህን የሚከለክል አዋጅ ሲወጣ ግን ድንገት ቸር ሆነና በነፃ ያጠፋ ጀመር።

አንዲት እናት ገና ከበሩ፣ «የልጄ የደርበው ፎቶ...» ሲሉ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል አቋረጣቸው።

«ገባኝ እማማ! በሞባይል ስርቆት የተያዘው አይደል? ቆይ... ይኸው፣ ከሁሉም ቦታ ጠፋ! ምርቃትዎ ይበቃኛል።»

«ጠፋ?»

«ድራሹ!»

እናትየው ደጃፉ ላይ ዘጭ አሉ።

«ሌላ ፎቶ እኮ የለውም፣ ልጄ። አሳጥቤ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ላቆመው ነበር።»

ያኔ ነው ቀና ብሎ ያያቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር የለበሱት።