ዓሣ አይናገርም

ልጄ ነጎድጓድ ጉልበቱን ከጠረጴዛው እግር ጋር ያላትማል። አፉ እስከ ጆሮው ይከፈታል። እኔ መበየጃውን አስቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የሚመጣውን ጩኸት እጠብቃለሁ። አይመጣም። ዓይኔን ስገልጥ ልጁ ሁለት መዳፎቹን አፉ ላይ ጭኖ፣ የመኝታ ቤቱን በር እያየ ያለቅሳል። እንባ ብቻ ነው፤ ድምፅ የለውም።

አምስት ዓመቱ ነው። ሹክሹክታው ሳይቀር ለጎረቤት ስለሚሰማ ነው ነጎድጓድ ያልነው።

ከበሩ ወዲያ እናቱ ተኝታለች። አዋላጅ ናት። ሁለት ሌሊት በተከታታይ ሥራ አድራ ዛሬ ማታ ሦስተኛውን ትገባለች። ባለፈው ሳምንት እንዲሁ ሳትተኛ ሄዳ፣ ደረጃ ላይ እንቅልፍ ጥሏት ግንባሯን ተፈነከተች። «ሕፃን ታቅፌ ቢሆንስ ኖሮ?» አለችኝ ፋሻዋን እየነካካች። ከዚያ ወዲህ ይህቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ልጆቹን ሰብስቤ «እናታችሁ መተኛት አለባት፤ ካልተኛች ማታ ትወድቃለች» አልኳቸው። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

የቀረውን የጨረሰችው ታላቅየዋ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው፤ የቤቱ ጠብ ሁሉ እሷ ዘንድ ስለሚያልቅ ዳኛዬ እላታለሁ። ወንበር ላይ ወጥታ በሹክሹክታ ፈረደች፦

«ቤታችን ውኃ ገብቶበታል። ሁላችንም ዓሣ ነን። ዓሣ አይናገርም።»

«አባዬስ?» አለ ነጎድጓድ።

«አባዬ ድንጋይ ነው። ድንጋይም አይናገርም።»

ይኸው ድንጋይ ሆኜ የሰው ሬዲዮ እጠግናለሁ። ዓሦቹ የእናታቸውን ካልሲ እስከ ጉልበታቸው ስበው በወንበሮቹ መሀል ይዋኛሉ። ቀደም ሲል በአንዲት ቀይ ኳስ ተጣሉ፤ ሙግቱ ሁሉ በቅንድብ ነበር። ዳኛዬ ጣቷን አንሥታ ፈረደች፤ የተፈረደበትም ጉንጩን ነፍቶ ይግባኝ አለ። አሁን ደግሞ ትንሿ፣ ገና ሁለት ዓመት ያልደፈነችው ጠብታ፣ አፏን ከፈት ዘጋ እያደረገች ወደ ወንድሟ ትዋኛለች። ጉልበቱ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ «እፍ» ትልለታለች። እሷም ብትሆን ቀስ ብላ ነው።

ይህን ሙያ ያስተማረኝ ሰው የለም። የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታሁ፣ እያዳመጥኩ ነው የለመድኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ጆሮዬን አምኜ ስኖር እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ሦስት ልጆች ያሉበት ቤት ጭጭ ብሎ። የግድግዳውን ሰዓት ባትሪ አውጥቻለሁ። የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር ጨርቅ አድርጌያለሁ። ጌታ ሆይ፣ እላለሁ በልቤ፣ ምን ብሠራልህ ነው እነዚህን የሰጠኸኝ?

በሩ ተበርግዶ ይከፈታል።

«ልጆቼስ?»

ሚስቴ ናት። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወርዷል፤ ጫማ ያደረገችው በአንድ እግሯ ብቻ ነው። በጣቷ ትቆጥራቸዋለች፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ደግማ ትቆጥራለች።

«ምን ሆነው ነው?»

«ምንም አልሆኑም፤ ይኸው ሰላም ናቸው። ተመልሰሽ ተኚ እንጂ፣ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላሽም።»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው ዝም ያሉት?»

ዳኛዬ እኔን ታየኛለች። «ዓሣ ሆነን ነው እማዬ» ትላለች። «እንድትተኚ ብለን።»

«እኔ ጉልበቴን ተመትቼ አላለቀስኩም!» ነጎድጓድ የቋጠረውን ሁሉ ባንዴ ይለቀዋል፤ የመስኮቱ መስተዋት ይርገበገባል። «አልቅሻለሁ፣ ግን አላለቀስኩም!»

እናታቸው እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ትላለች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ መጀመሪያ ትተነፍሳለች፤ ሳቁ የሚመጣው ቆይቶ ነው።

«አንተ ሰውዬ» ትለኛለች፣ «እኔ እኮ የምተኛው የእነሱን ጫጫታ እየሰማሁ ነው። ቤቱ ጭር ሲል እግሬ ቀድሞኝ ተነሣ። ዝም ያለ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ እኔን ጠይቀኝ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። «ሌሊት ካዋለድኳቸው ሕፃናት አንዱ አራት ደቂቃ ሙሉ ዝም አለብኝ።»

«ኋላስ?»

«ኋላማ ተመስገን፣ ጮኸ። ጣሪያውን ሊያነሣው ነበር።»

ጠረጴዛዬን አያለሁ። ሰባት ሬዲዮ ተደርድሯል። «በጣም ጮኸብኝ» ብሎ ያመጣልኝ አንድ ሰው የለም። ሁሉም «ዝም አለብኝ» ብለው ነው ያመጡት።

«ዳኛዬ» እላለሁ፣ «ውኃውን አድርቂው።»

ወንበሯ ላይ ለመውጣት ጊዜ አታጠፋም። «ውኃው ደርቋል! አሁን አንበሳ ነን!»

ጠብታ የድስት ክዳን ታገኛለች፤ ማንኪያ ከየት እንዳመጣች አንድዬ ይወቅ። ነጎድጓድ ያገሳል። እናታቸው ወደ መኝታ ቤት አትመለስም፤ ሶፋው ላይ በጎኗ ጋደም ትላለች። ፎጣ አልብሻት፣ የሰዓቱን ባትሪ መልሼ ዘወር ስል እንቅልፍ ወስዷታል። የግንባሯ ጠባሳ እንኳ ከመጨማደዱ ተፈትቷል። ክዳኑ ጆሮዋ ሥር እየተደበደበ ትተኛለች።

ነጎድጓድ ጉሮሮው ደርቆ ውኃ ሊጠጣ ይሮጣል። ግሣቱ ይቋረጣል። የእናቱ ቅንድብ ይርገበገባል፤ የዓይኗ ቆብ ሊገለጥ ይዳዳዋል።

ቀድሜው ደርሼ ኩባያውን አነሣለሁ።

«አታቋርጥ ልጄ» እለዋለሁ። «እኔ አጠጣሃለሁ።»