የአባቷ ጎማ

የስፖርት መምህሩ ፊሽካውን ከንፈሩ ላይ ሲያደርግ ልጅቷ የሩጫ ጫማዋን ከፌስታል አወጣችና ክው አለች። ጣቶቿን እንደ ልብ የሚያዘረጋት፣ ጠጠሩን ሳይቀር የሚያሳውቃት ስስ ጫማ ወፍራም የመኪና ጎማ ተለጥፎበታል። ጫማ ሰፊው አባቷ ከመሮጫው ገመድ ማዶ ፈገግ ብሎ «ሶሉ አልቆ ነበር እኮ፤ ሠራሁልሽ!» አላት።

«ወይኔ፣ የአይሱዙ ጎማ!» አለች ከጎኗ የቆመችው ከእንሴኖ የመጣች ተወዳዳሪ። ለወልቂጤው ውድድር የምታልፈው ደግሞ ዛሬ አንደኛ የምትወጣው ብቻ ናት።

«ተመቸሽ?» አለ አባቷ በገመዱ ሥር ሾልኮ።

«በጣም!» አለች እንባዋን ውጣ፣ እግሯን እያስገባች። እሱ ግን ተንበርክኮ፣ እንደ ደንበኞቹ ሁሉ የጫማዋን ጫፍ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ጎማው ስሱን ጫማ ወጥሮት ውስጥ ጣቶቿ ኩምትር ብለዋል። ቀና ብሎ አያት።

«ውሸታም!» አለና ጉጠቱን ከኪሱ አወጣ።

«ኧረ ሰውዬ፣ ልነፋ ነው!» ጮኸ መምህሩ።

ማስቲሹ በደንብ አልደረቀም ነበርና፣ በጉጠቱ ሲስበው የቀኙ ጎማ ተላቆ ወደቀ። ፊሽካው ተነፋ።

«ቆዪ፣ ግራው!» አለ አባቷ።

ያላሰረችውን የግራ ጫማ ከነጎማው እጁ ላይ ጥላለት ተፈተለከች። ባዶው እግሯና ስሱ ጫማ መሬቱን እኩል ነኩት።

«ስመለስ ትጨርሰዋለህ!»