ዋስ ከፖላንድ

«ይኸው፣ ሌላው ሊንክ ደግሞ ጠፋ» ይላል እስጢፋኖስ፣ ላፕቶፑን ወደ እኔ እያዞረ። ፊቱ እንደ ነሐሴ ሰማይ ጠቁሯል። እኔ ሞልቶ የነበረውን ሳፋ በመስኮት ደፍቼ ከሚያንጠባጥበው ኮርኒስ ሥር መልሼ አስቀምጣለሁ። በእንግዳ ማረፊያችን ኢንተርኔቱ በደንብ የሚይዘው አራት ቁጥር ክፍል ውስጥ ብቻ ነው፤ የሚያፈሰውም አራት ቁጥር ብቻ ነው።

እስጢፋኖስ ኮምፒውተር የተማረ፣ ከቤቱ ሆኖ ለዓለም የሚሠራ ልጅ ነው። የቀጠርኩት ጉግል ላይ ወደ ፊት እንዲያመጣን ነው። «ጎንደር፣ ቁስቋም አጠገብ ማደሪያ» ብሎ የፈለገ ሰው እኛን የሚያገኘን ከሁሉም መጨረሻ ነው፤ እዚያ ድረስ የሚወርድ ቱሪስት ካለ መንገድ የጠፋበት ብቻ ነው። መድኃኒቱ ሊንክ ነው አለኝ። ሌሎች ድረ ገጾች ስማችንን ሲጠቅሱ ጉግል የታወቅን ሰዎች ይመስለዋል። አባቴ ሐጂ ዐብዱረሕማን ይህን ሲሰሙ ወዲያው ገባቸው። «ዋስ ማለት ነዋ! ዋስ የሌለው ነጋዴ ማን ያምነዋል?»

ዋሶቻችን ግን ጉድ ናቸው። አንዱ አርጀንቲና የውሻ ምግብ ይሸጣል። አንዷ ማኒላ የሙሽራ ልብስ ታከራያለች። አንዱ ፖላንድ ጣሪያ ይሠራል። ስለ ውሻ ምግብ ሲያነብ የቆየ ሰው ድንገት «ጎንደር ሲሄዱ እዚህ ይረፉ» የሚል ያገኛል። «አታስቢ፣ የሚያነበው ማሽን ነው» ብሎኛል እስጢፋኖስ።

እንዴት አላስብም? ለመስቀል ክፍሎቹ ካልተያዙ ቤቱ የአጎቴ የአኒስ ሲሚንቶ መጋዘን ይሆናል፤ አባቴ ቃል ገብተዋል። እኔ የዩኒቨርሲቲ ሥራዬን የለቀቅኩት ለዚህ ቤት ነው። አጎቴ በመጣ ቁጥር በሮቹን በዓይኑ እየለካ «ላም አለኝ በሰማይ» ይለኛል። ባለፈው ያደረ ብቸኛ እንግዳም ጥሎልን የሄደው አንድ አስተያየት ነው፦ «ትራሴ ላይ ዘነበ።»

በሩ ይከፈትና አባቴ ስልካቸውን ይዘው፣ ፊታቸው በርቶ ይገባሉ።

«ዙህራ፣ ምስጋናውን ጨረስኩት።»

«የምን ምስጋና፣ አባባ?»

«የዋሶቻችንን ነዋ! ገጾቻቸውን በቴሌግራም ልከሽልኝ የለ? ለሁሉም ጻፍኩላቸው፣ ስልኩ ይተረጉምልኛል። ስማችንን እንዳነሳችሁልን አላህ ስማችሁን በበጎ ያንሳው፤ ጎንደር ስትመጡ ቤታችሁ ነው፣ አልኳቸው።»

እስጢፋኖስ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ይጭናል። «ሐጂ! ሰዎቹ እኮ አያውቁንም!»

«ምነው ልጄ፣ ሳያውቀን ዋስ የሆነንማ ይበልጥ ይመሰገናል።»

«ሊንኩን ያስገባልን ገጹን የሚያድስላቸው ልጅ ነው። የከፈልነው ለእሱ ነው። ባለቤቶቹ እርስዎ ሲያመሰግኗቸው ገና አዩት፤ ያየ ሁሉ እያጠፋው ነው!»

አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብለው ይቀመጣሉ። «እንግዲያ ሰው ሳያውቅ ነው በሰው ደጅ ስማችንን የለጠፍከው?»

እስጢፋኖስ ላፕቶፑን ያያል። እኔ ሳፋውን አያለሁ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ቆርቆሮ ስሸጥ» ይላሉ አባቴ፣ «የማያውቀኝን ሰው ዋስ ጠርቼ አላውቅም።»

አፍሬያለሁ። ከማፈሬ በላይ ግን የአጎቴ ሲሚንቶ በዓይኔ ይሄዳል። አለቀልን ልል ስል የአባቴ ስልክ ይጮኻል። መነጽራቸውን ያደርጋሉ። «ፖላንዱ ነው» ብለው ጮክ ብለው ያነባሉ።

«"የተከበሩ ሐጂ፣ አላውቅዎትም። ስምዎ ገጼ ላይ እንዴት እንደገባ አጣርቼ ሰርዤዋለሁ። ግን ካመሰገኑኝ አይቀር ብዬ የቤትዎን ፎቶ አየሁት። በስተቀኝ ከመጨረሻው መስኮት በላይ የታችኛው ቆርቆሮ በላይኛው ላይ ተደርቧል። ውሃ ያስገባል።"»

ሦስታችንም ቀና እንላለን። የመጨረሻው መስኮት ይኸው ያለንበት ነው። ለዚህ ክፍል ኮርኒስ ቀይረናል፣ ቀለም ቀብተናል፣ እርግቦቹን ረግመናል። ቆርቆሮውን ግን ማንም አልጠረጠረም፤ የመቱት አባቴ ናቸዋ! «ቆርቆሮ ለእኔ?» ብለው አናጢውን አባረው፣ በገዛ እጃቸው።

ጉሮሯቸውን ጠርገው ይቀጥላሉ፣ ድምፃቸው ግን ቀንሷል። «"ጣሪያው እንዲህ ሆኖ ስምዎ እኔ ገጽ ላይ ቢቀመጥ ለሙያዬ ነውር ነው። ሲያስተካክሉት ፎቶ ይላኩልኝ። በራሴ እጅ መልሼ አስገባዋለሁ።"»

ስልኩን ያጠፉና ኮርኒሱን ትንሽ ያዩታል።

«ዋስ ማለት ይሄ ነው» ይላሉ። ቀጥለው «እስጢፋኖስ፣ መሰላል መውጣት ታውቃለህ?»

«ሐጂ፣ እኔ እኮ የኮምፒውተር...»

«ያውቃል» እላለሁ።

አሁን እሱ ላፕቶፑን ለእኔ ትቶ ጣሪያው ላይ ነው። አባቴ ጃንጥላ ይዘው ከመሰላሉ ሥር ሆነው፣ ራሳቸው ያበላሹትን ለሰፈሩ ሁሉ እያወጁ ያዝዙታል። «የላይኛውን በላይ! ኧረ በላይ! ጎሽ፣ አሁን ድንጋይ ጫንበት!»

ሳፋው አጠገብ ተንበርክኬ አዳምጣለሁ። ጠብ። ቆይቶ፣ ጠብ።

«ዙህራ፣ ቆመ ወይ?»

«ዝም ይበሉ አባባ፣ ልስማበት!»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ግን ቀስ በቀስ ይረጋል፣ የኮርኒሱ አምፖልም ውሃው ላይ ሳይሰባበር ሙሉውን ይታየኛል።