ግራ እጅ

“ቀኝሽን፣ እህቴ” አሏት ዳኛዋ። ምስክሯ ለመሐላ ያነሳችው ግራ እጇን ነበር።

የወራሽነት ማረጋገጫ የጠየቀውን አመልካች ላብ አጠመቀው። አባቱ ሳይናዘዝ ስለሞተ ቤቱ ለልጆቹ ሁሉ እኩል ይደርስ ነበር። እሱ ግን አባቱ ከትዳር ውጭ የወለዳትን ይህችን እህቱን፣ “ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ጎረቤት ነኝ ብለሽ መስክሪልኝ፤ ድርሻሽን አልበላብሽም” ብሎ ለምኖ አመጣት።

“ሟች ከአመልካቹ ሌላ ልጅ አላቸው?”

“የላቸውም” አለች፣ በቀኟ ምላ። “ልጃቸው እሱ ብቻ ነው።” ከዚያ ዞር ብላ አየችው፤ አይኗ “አይዞህ” የሚለው መሰለው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

“ና፣ ፈርም” ተባለ። እሱም እንደ እሷ የአባቱን እጅ የወረሰ ግራኝ ነበር። ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ደብቆ እስክሪብቶውን በቀኙ ያዘ።