በየጆንያው ላይ ያለው ስም

የእንጨቱን ፊደል መርጬ ልፈርም ስል የባሂራ እናት ልጇን አስከትላ ትገባለች። ጠረጴዛዬ ዞኑ ከወልቂጤ በላከው የማንበቢያ መርጃ ናሙና ተሞልቷል። ርዕሰ መምህራችን አቶ ሀቢቡ በ2001 በጀት ለልዩ ፍላጎት ክፍሌ የሚገዛው አንድ ዓይነት ብቻ ስለሆነ እስከ ስድስት ሰዓት መርጬ እንዳሳውቅ ነግረውኛል። የእንጨቱ ያምራል፤ እንግዳ ሲመጣም ያኮራል። ልጆቼን ያስነብብ አያስነብብ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላውቅም።

«ቲቸር ምሥራቅ፣ ባሂራን ላስወጣት ነው የመጣሁት።»

«ምነው ከድጄ? ምን አጠፋን?»

«ምንም አላጠፋሽም፣ አላህ ይስጥሽ። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሀ ሁ ብላ ለ ላይ ትቆማለች። አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት እኮ። እኔ በርበሬ የምቀነጥስበት ወፍጮ ቤት ብትውል ይሻላታል። እዚያ እንኳ ሰው ናት።»

የመጨረሻዋ ቃል ትቆረቁረኛለች። እዚህስ ምንድን ናት ልላት እልና ሌላ ነገር ከአፌ ይወጣል። «ወፍጮ ቤት ምን ትሠራለች?»

«በገበያ ቀን የተፈጨውን በርበሬ ለየባለቤቱ የምታስረክበው እሷ ናት። ባለወፍጮው አሚኑ በየጆንያው ላይ ስም ጽፎ ይለጥፋል፣ እሷ ትሰጣለች። አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም።»

እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ። ባሂራ በመስኮት የሚያልፈውን ጋሪ ታያለች፤ ስለ እሷ የምናወራ አይመስላትም።

እዚያ የሚያስፈጩ የማውቃቸውን ሰዎች አስቤ፣ ከደብተር ወረቀት ቀድጄ «ናጃህ» ብዬ እጽፍና አሳያታለሁ።

«የናጃህ» ትላለች ወዲያው። «በጣም የላመ ነው የምትወደው። ሁለቴ ነው የሚፈጭላት።»

«ወልደማርያም» እጽፋለሁ። ሆን ብዬ ነው ረጅሙን የመረጥኩት።

«የጋሽ ወልደማርያም። ከቡኢ ነው የሚመጡት።»

የእጅ ጽሑፉ የአሚኑ አይደለም፣ የኔ ነው። ጆንያም የለ፣ በርበሬም የለ። ሽባባው፣ ሙባሪክ፣ ወርቅውሃ፤ ሁሉንም ታነባለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊደል አንድ በአንድ እየነጠልኩ ሳደክማት ቃሉን በሙሉ ይዛ ስትጠብቀኝ ኖራለች። እኔ ደግሞ፣ የሠለጠንኩ መምህርት፣ ገበያ ቀን የት ነው የምትውዪው ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። አፍራለሁ፤ ከማፈሬ በላይ ግን ደስ ይለኛል።

በቅጹ ላይ የእንጨቱን ፊደል እሰርዝና «ሌላ» በሚለው ቦታ ሙሉ ቃል መጻፊያ ባዶ ካርቶን እና ማርከር ብዬ እሞላለሁ። አቶ ሀቢቡ ይቆጣሉ። ይቆጡ።

«እግዜር ይስጥሽ ከድጄ» እላታለሁ። «ዛሬ ባትመጪ ኖሮ እነዚህ ሰባት ልጆች እንጨት ታቅፈው ሊቀሩ ነበር።»

እሷ ግን የምትሰማኝ አይመስለኝም። ወረቀቶቹን ነው የምታየው። ራሷ ፊደል አልቆጠረችም።

«እስቲ የኔን ጻፊላት» ትለኛለች ቀስ ብላ።

«ከድጄ» ብዬ እጽፋለሁ። ባሂራ ወረቀቱን ቀረብ ራቅ አድርጋ ታየዋለች፣ ከዚያ ራሷን ትነቀንቃለች። «ይሄ ሰውዬ እኛ ጋ አስፈጭቶ አያውቅም።»

ሁለታችንም እንስቃለን። ቀድማ የምታቆመው እናቷ ናት።

«የኛ ጆንያ ላይ አሚኑ አይጽፍም» ትላለች። «ምን ያደርግለታል፣ ያውቀናል።» ሻርፗን ታስተካክላለች። «እንግዲያው መጀመሪያ ይሄን አስተምሪያት።»

ብቻዋን ትወጣለች። ባሂራ ወረቀቱን ይዛ ወንበሯ ላይ ትቀመጥና፣ ማን እንደሆነ እንድነግራት ትጠብቃለች።