ቡፌው ላይ የቆመችው ኤንትሬ

ቲጃኒ የቀናው በመኪና ነው። መኪናዋም ከክንድ የምታጥር፣ ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራች ቀይ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነበረች። ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሠፈር ባለው ቤታቸው ቡፌው ላይ ቆማ፣ ሚስቱ ለጢፋ በየጁምዓው በጥጥ ትወለውላታለች። እሱን በዚያ ዓይን አይታው አታውቅም። ቢያንስ ለእሱ እንደዚያ ይመስለው ነበር።

ሚሊሺያ ሆኖ ምሥራቅ ጦር ግንባር ዘምቶ ነበር። ጥይት ከጆሮው በላይ ጨርፋው ሆስፒታል ከረመና በሰባ ዓመተ ምሕረት ማብቂያ ተመለሰ። ቀበሌው በመፈክር ተቀበለው፤ ለጢፋ በእንባ። እሱ ግን ገና ደጁን አልፎ ሲገባ ዓይኑ ያረፈው ቡፌው ላይ ነው።

«ይህቺን ማን ሠራት?»

የሰጠችው መልስ ፌዝ መሰለው። ከግንባር በመጣ ሰው ላይ ማሾፍ ምን ይሉታል? ጮኸባት፤ ከዚያም ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። እሷም ደንግጣ ያንን መልስ ዳግመኛ አልደገመችውም።

ሐሙስ ሐሙስ ለጢፋ ጨርቅ ልትሸጥ ገበያ ስትወጣ፣ መኪናዋን አውርዶ ይመረምራታል። እንከን ፍለጋ ነው። የሠራት ሰውዬ ግን እንከን አልተወለትም። ቆርቆሮ በውፍረቱ ከተተወ መጫወቻ እንደሚመስል አውቆ፣ የበሮቹን ጠርዝ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ሞርዶታል። መስተዋቱን ከታጠበ የራጅ ፊልም ቆርጦ ገጥሟል። ቀለሙን በብሩሽ አልቀባም፤ በፍሊት መርጫ በስሱ ደጋግሞ ነፍቶታል። ጫኞች የሚረግጡት ቦታ ላይ ቀለሙ ተፍቋል፤ ከጭስ ማውጫው ኋላ ጥላሸት አለ፤ ጎማዎቹ ላይ የደዶ መንገድ ቀይ አፈር ደርቋል። የተጫኑት ጆንያዎች እንኳ የቡና ገለፈት ተሞልተው ጎበጥ ጎበጥ ብለዋል።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። የሾፌሩ ወንበር ላይ የተነጠፈችው አረንጓዴ ጨርቅ ግን የለጢፋ ሻሽ ቁራጭ ናት። ሻሹን ያውቀዋል፤ ጫፉ መቆረጡን ነው ያላስተዋለው። ከሰው ሚስት ሻሽ ላይ የሚቆርጥ ወንድ ቆርቆሮ ብቻ ሲቀጠቅጥ አልከረመም።

የዚያን ቀን በር ላይ ጠበቃት።

«ሰውየው የት ነው?»

ለጢፋ ዘንቢሏን አስቀመጠች። «ዘመተ።»

«ሞቷል?»

«ሞቷል ብለውኝ ነበር። አልሞተም።»

«ይመጣል?»

«ኢንሻ አላህ። እየጠበቅኩት ነው።»

«ትወጂዋለሽ?»

«አዎ» አለች።

«እኔንስ?»

«አንተንም።»

ሁለቱንም። ትንሽ እንኳ ብትዋሸው ምን ነበረበት?

ጎረቤታቸውን ጠሃን ሊጠይቀው አስቦ ተወው። ጠሃ የጋራዥ ሰው ነው። ቲጃኒ የሚያውቀው ከዘመቻ ከተመለሰ ወዲህ ነው፤ ጠሃ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ እንደ ወንድም አልቅሶለታል። የጅማ ሰው ለጎረቤቱ እንዲህ ነው። ቢሆንም «የሚስቴን ወዳጅ ታውቀዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

ስለዚህ ሌላ ነገር ቆረጠ። የተሻለች ኤንትሬ ይሠራል፤ ጎን ለጎን ያቆማቸዋል። ለጢፋ የእሱን ከመረጠች ይቆያል። ካልመረጠች ልብሱን ጠቅልሎ ደዶ፣ ወንድሙ ዘንድ ይሄዳል።

መሣሪያ ፍለጋ አልተንከራተተም። አልጋው ሥር ካለው ሣጥን ውስጥ ሞረዱንም፣ የቆርቆሮ መቀሱንም፣ የእርሳስ መበየጃውንም አገኘ። ሰውየው ዕቃውን እንኳ እዚሁ ትቶ ነው የሄደው፤ ተመልሶ ሊመጣበት። ቲጃኒ ጥርሱን ነክሶ መቀሱን አነሳ። መቀሱ ለእጁ ልክ ነበር፤ ይህም አናደደው።

ጋራዡ በር ላይ የቆመችውን እውነተኛ ኤንትሬ በገመድ ለካት። አንዱን ክንድ ወደ አንድ ጣት አውርዶ፣ ጓሮ አቮካዶው ሥር ሥራ ጀመረ። ቆርቆሮውን ቆርጦ በእርሳስ በየደው። መጋጠሚያውን በስቱኮ ደፍኖ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። የፊት ፍርግርጉን ከማበጠሪያ ጥርስ፣ መብራቱን ከመርፌ ብልቃጥ ቂጥ አወጣው። የሚቀጥለውን አስቦ ሳይጨርስ እጁ ቀድሞ ይሠራዋል። ቅናት ጥሩ አስተማሪ ነው አለ ለራሱ። ለጢፋ በመስኮት ታየዋለች።

ሲጨርስ ሁለቱን ቡፌው ላይ አቁሞ ጠራት።

«ምረጪ» አላት።

ቀረብ ብላ አንደኛዋን ነካች፤ ሌላዋንም ነካች። ከዚያ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች።

«ምረጪ ነው ያልኩሽ።»

«እንዴት ብዬ ነው የምመርጠው?»

ለቲጃኒ ይህ በቂ መልስ ነበር። ያኛውን ማስቀየም አልፈለገችም ማለት ነው። አዘጋጅቶት የነበረውን የልብስ ጥቅል ብብቱ ሥር አድርጎ በሩን ሲከፍት፣ ጠሃ ሊያንኳኳ እጁን አንስቶ ቆሟል።

«አካም ጅርታ» ብሎት ገባ። ጥቅሉን አላየውም፤ ዓይኑ ቡፌው ላይ ቀርቷል። ወደዚያው ሄዶ ጎንበስ አለና መኪናዎቹን አንድ በአንድ ሲያያቸው ቆየ።

«አልሐምዱሊላህ፣ እጅህ ተመለሰ» አለ ወደ ቲጃኒ ዞሮ፤ «ከመዝመትህ በፊት የሠራኻት የትኛዋ ነበረች?»