ለሚስቱ የሠራው ዜማ

ከሚስቱ ቀብር መልስ የመምህሩ ሳሎን በተማሪዎቹ ሞልቶ ነበር። መምህሩ ሃንድፓኑን፣ ያንን በጣት የሚመታ ክብ ብረት፣ ጭኑ ላይ አስቀመጠና ለሚስቱ የሠራውን ዜማ ሊጀምር እጁን አነሳ። ይሄኔ ሴት ልጁ መጥታ መዳፏን ብረቱ ላይ ጫን አደረገች።

«አባዬ፣ ተው በቃ» አለችው ጎንበስ ብላ። «ዛሬን እንኳ ጸጥ ይበልላት።»

«ምን ማለትሽ ነው? እናትሽ እኮ ይሄን ስትሰማ ነው የኖረችው!»

«መስማቱንማ ሰምታለች። አንተ እዚህ ስታስተምር እሷ ጆሮዋን በጥጥ ወትፋ ማድቤት ትቀመጥ ነበር። ድምፁ ራሷን ይፈልጣት ነበር፣ አባዬ።»

መምህሩ ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ከንፈሩ አልታዘዝ አለው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጀማሪ በመጣ ቁጥር «መጀመሪያ መስማት ተማር፣ እጅህ ኋላ ይደርሳል» ሲል የኖረ ሰው ነው። ተማሪዎቹ አሁንም አቀርቅረው ዜማውን ይጠብቁ ነበር። የሴት ልጁ መዳፍ ከብረቱ ላይ አልተነሳም።

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትነግረኝ ቀረች?» አላት ድምፁ እየተቆራረጠ።

«ነግራህ ነበር እኮ» አለችው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ስንቴ ነገረችህ! በነገረችህ ቁጥር አንተ ይሄን ብረት እየመታህ ነበር።»